ከሰልፉ በፊት መዝገቡ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጤና መምሪያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ

ጉዳዩ፦ ለሱስ የሚወሰዱ መድኃኒቶችንና ሌሎች ነገሮችን በየሳምንቱ መመዝገብ እንዲጀመርና የመከላከል ሥራው በዚያ ላይ እንዲመሠረት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ሰኔ 19 ዓለም አቀፉ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ቀን ነው። ባነር መስቀል፣ ሰልፍ መውጣትና ንግግር ማድረግ የተለመደ ነው። በማግስቱ ሌሊት ግን በድንገተኛ ክፍል ተረኛ የሆነች ነርስ ፊት አንድ ራሱን የሳተ ወጣት ሲተኛ፣ «ምን ወስዶ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከሰልፉ በፊት ከነበራት የተሻለ መልስ አይኖራትም። የምንጠይቃችሁ የዘመቻው ገንዘብና ጉልበት በቅድሚያ ለዚህች ነርስ ጥያቄ እንዲውል ነው። ምን እንደሚወሰድ፣ ከምን ጋር እንደሚወሰድና ማንን እንደሚጎዳ ሳይታወቅ የሚሰጥ ትምህርት ዒላማውን አያገኝም።

ወሎ ጫትን ያውቃል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ እየፈረሰ ደካማ ወደሆነው ወደ ካቲን ስለሚለወጥ ቃሚው የዕለቱን ይፈልጋል። ምርቃናውን፣ ሲበርድ የሚመጣውን ድብርት፣ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣውን ጨብሲ ለማስረዳት ማንም ባለሙያ አይቸገርም። የመከላከል ትምህርታችን ግን እዚያው ላይ ቆሟል። ዛሬ ልናየው የሚገባው ሰዓት ከምርቃናው በኋላ ያለው ነው። ቃሚው መረጋጋትና መተኛት ይፈልጋል፤ አረቄ ወይም ቢራ አፍ ላይ ይሸታል፣ ቤተሰብ ያውቃል። እንክብል ሽታ የለውም፤ በኪስ ይያዛል፤ መድኃኒት ቤት የሚሸጥ ነገር ስለሆነም «ዕፅ» አይመስልም። ይህ ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል፤ ምክንያቱም ወላጅም ልጅም እንክብሉን የሚያዩት እንደ ራስ ምታት መድኃኒት ነውና።

ትራማዶል ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን። የሕመም ማስታገሻ ነው፤ በሕክምና ለአዋቂ ሰው በቀን ከ400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፣ ይህም ባለ 50 ሚሊግራሙ እንክብል ስምንት ፍሬ ማለት ነው። ሁለት ጠባይ አለው። በአንድ በኩል እንደ ሞርፊን ትንፋሽን ያዘገያል። በሌላ በኩል በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን ኬሚካሎች ስለሚያበዛ መጠኑ ሲያልፍ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ያስነሳል፤ መንቀጥቀጡም አብዛኛውን ጊዜ ከተወሰደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ከዚህ በፊት ወድቆ የማያውቅ ወጣት ተንቀጥቅጦ ሲመጣ የዓመታት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከማስጀመር በፊት ስለ ትራማዶል መጠየቅ አለበት፤ ያውም ቤተሰብ ውጭ ወጥቶ፣ ልጁ ብቻውን ሆኖ። ሌሊቱን በጫት ያነጋ ሰው ላይ አደጋው ይበረታል፤ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን አንጎልን ለመንቀጥቀጥ ያጋልጣልና። ለድብርት ፍሎክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው ላይም እንዲሁ።

ለሐኪሞቻችን አንድ ነገር ይሠመርበት። የሞርፊን ቤተሰብ ማርከሻ የሆነው ናሎክሶን የቀዘቀዘውን ትንፋሽ ይመልሳል፤ የትራማዶልን መንቀጥቀጥ ግን አያቆምም፣ እንዲያውም ሊቀሰቅስ ይችላል። ለመንቀጥቀጡ ዲያዜፓም ይሰጣል፤ ዲያዜፓም ደግሞ በተራው ትንፋሽ ያዳክማል። ስለዚህ ኦክስጅንና አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት) አልጋው አጠገብ ሳይቀርቡ ሁለቱም መድኃኒቶች አይነኩም። ናሎክሶን በትንሹ፣ በ0.4 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ በየ2 እስከ 3 ደቂቃው እየታየ ይደገማል። የሚፈለገው ታማሚው በበቂ እንዲተነፍስ ነው፤ ተነሥቶ እስኪቀመጥ መስጠት መድኃኒቱን የለመደ ሰው ላይ ኃይለኛ የማቋረጥ ሕመም ያመጣል፣ ታማሚውም ተናዶ ጥሎ ይሄዳል። ናሎክሶኑ በአንድ ሰዓት ገደማ ሲያልቅ ትራማዶሉ ገና ሰውነቱ ውስጥ ስላለ መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ለኢትዮጵያውያን ተጨማሪ ምክንያት አለ። ጉበት ውስጥ ያለው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ትራማዶልን ወደ ጠንካራው ቅርጹ፣ ኮዴይን የተባለውን ማስታገሻም ወደ ሞርፊን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ትርፍ ቅጂ ነበራቸው፤ በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ይህ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእሱ ሊበዛበት ይችላል። «ጓደኛዬ ይህንኑ ወስዶ ምንም አልሆነም» የሚለውን ወጣት ልንመልስለት የምንችለው በዚህ እውነት ነው፤ ከማስፈራሪያ ይልቅ ይህ ይገባዋል።

ሌሎቹን በአጭሩ። አርቴን፣ ማለትም ትራይሄክሲፌኒዲል፣ የአእምሮ ሕሙማን እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት ሲወስዱ የሚመጣባቸውን የጡንቻ መገታተር ለማስቀረት ይታዘዛል። በብዛት ሲወሰድ ያቃዣል፣ ያልነበረ ነገር ያሳያል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይከለክላል፣ ሰውነት ያግላል። መለያው የዓይን ብሌን ነው፤ አርቴን ያሰፋዋል፣ ሞርፊንና የሞርፊን ቤተሰብ ያጠቡታል። ፕሪጋባሊን የነርቭ ሕመም መድኃኒት ነው፤ ብቻውን ያንገዳግዳል፣ ከትራማዶል ወይም ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ካፕታጎን እየተባለ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሸጠው ፍሬ ዛሬ በአብዛኛው አምፌታሚን እንጂ ስሙ የመጣበት ፌኔቲሊን አይደለም። ከሳዑዲ የሚመለሱ የወሎ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ይህን የምንጽፈው ግን ሐኪሙ ሲጠይቅ ስሙን እንዲያውቀው ነው። ተመላሽን ሁሉ በጥርጣሬ ማየት በእስርና በበረሃ ያለፈን ሰው ከጤና ጣቢያው ያርቀዋል። ሺሻ ቤት ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ሲገኝ ደግሞ የከሰሉ ጭስ መጠርጠር አለበት፤ ደሴ ብርድ ናት፣ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ማስቲሽና ቤንዚን ብቻቸውን መታየት አለባቸው። በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቲሽ የያዘን ልጅ ፖሊስም ሆነ ደንብ አስከባሪ አያሯሩጠው። በማስቲሽ ውስጥ ያለው ቶሉይንና የቤንዚን ተን ልብን ለአድሬናሊን ስሱ ያደርጉታል፤ ደንግጦ የሚሮጥ ልጅ ልቡ በዚያው ቅጽበት ምት ሊያዛባና ሊቆም ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበውም ልጅ እንዲህ ሊሞት ይችላል። ቀስ ብሎ መቅረብ፣ ማስቀመጥ፣ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ማውጣት፣ አጠገቡ ክብሪትና ሲጋራ አለመለኮስ፤ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ይህን ለፖሊስ አባላት ለማሰልጠን ግማሽ ቀን ይበቃል። ልጁ የሚያደነዝዘው ራቡንና የደሴን የሌሊት ብርድ ስለሆነ ራትና መኝታ ያልያዘ ምክር አይሰማውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን። በየጤና ተቋሙ በየሳምንቱ ስለ ወባና ስለ ኩፍኝ የሚያሳውቁ የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር ተጠሪዎች አሉ። በዚያው መንገድ ላይ አንድ ግማሽ ገጽ ቅጽ ይጨመር። የሚጻፈው፦ ቀንና ሰዓት፤ የዕድሜ ክልል (ከ15 በታች፣ 15–19፣ 20–24፣ 25 እና በላይ)፤ ጾታ፤ ታማሚው ወይም ያመጣው ሰው ዕፁን የጠራበት ስም በራሱ አጠራር፤ እሽግ ከተገኘ በላዩ ያለው ጽሑፍ እንዳለ፤ የተወሰደበት መንገድ፤ አብሮ የተወሰደው፤ የብሌን ስፋት፣ ትንፋሽ በደቂቃ፣ የሰውነት ሙቀት፣ መንቀጥቀጥ መኖር አለመኖሩ፤ መጨረሻው። ስም፣ ስልክና ቀበሌ አይጻፍም። «ዕፅ ወስዶ» ወይም «ሱሰኛ» ብሎ መጻፍ ከባዶ አይሻልም፤ የመንገድ ስም በየወሩ ስለሚቀየር ለውጡን ቀድሞ የሚነግረን እሱ ነው። ምንም ካልመጣ «ዜሮ» ተብሎ ይላክ፤ ዝምታ የዜሮ ምልክት ይሁን የስንፍና አይታወቅምና።

ቅጹ ከደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛና አእምሮ ሕክምና ክፍሎች፣ ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ከኮምቦልቻ ጤና ተቋማት፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ክሊኒኮች፣ ፈቃደኛ ከሆኑ መድኃኒት ቤቶችም ይምጣ። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የደረቅ ወደብና የሚሌ መንገድ ከተማ ናት፤ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛና የከባድ መኪና ሾፌር የሚታከምባቸው የግል ክሊኒኮች ካልገቡበት ሥዕሉ ጎደሎ ይሆናል። በሰባት ቀን ውስጥ ተመሳሳይና ያልተለመደ ምልክት ያላቸው ሁለት ሰዎች ከመጡ የሳምንቱን ሪፖርት ሳይጠብቅ ስልክ ይደወል።

ምዝገባው የሚበላሽበትንም እናውቃለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቁጥሩ ይጨምራል፤ የሚጨምረው መቁጠር ስለጀመርን ነው። ያንን ይዞ «ዕፅ በእጥፍ ጨመረ» ብሎ በኤፍኤም የሚናገር ኃላፊ ሥራውን ያፈርሰዋል። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢመጣ ሦስት ሰው እንዳይመስል ተጠሪው ያጣራ። ከአምስት በታች የሆነ ቁጥር በአደባባይ አይውጣ፤ በትንሽ ከተማ ማን እንደሆነ ይታወቃል።

የሽንት ምርመራ ሁሉን ይመልሳል የሚል እምነት አለ። አይመልስም። የተለመደው የኦፒየት (የሞርፊን ቤተሰብ) መመርመሪያ ትራማዶልን አያይም፤ ለትራማዶል የራሱ ስትሪፕ ያስፈልጋል። ፕሪጋባሊንንና የጫትን ካቲኖን የተለመዱት መመርመሪያዎች አያገኙም፤ በሴራሊዮን «ኩሽ» በተባለው አደንዛዥ ድብልቅ ውስጥ የተገኙትን ናይታዚን የተባሉ እጅግ ኃይለኛ ሰው ሠራሽ የሞርፊን ዘመዶችም እንዲሁ። ውጤቱ ነጌቲቭ ሆነ ማለት አልወሰደም ማለት አይደለም። ተማሪን በግዴታ መመርመር ደግሞ ዕፅ መውሰድን እንደሚቀንስ አሳማኝ ማስረጃ የለውም፤ ልጁን ወደማይታየው ዕፅ ሊገፋው ግን ይችላል።

ስለ መድኃኒት ቤቶች። ቁጥጥሩ በወር አንድ ቀን ይበቃዋል፤ የገባው ትራማዶል፣ ፕሪጋባሊንና አርቴን ከማዘዣዎቹ ጋር ይመሳከር። ማዘዣው ከተሸጠበት በኋላ ይሠረዝ፤ ካልተሠረዘ ያው ወረቀት በሦስት መድኃኒት ቤት ይዞራል። ለድንገተኛ ሕመም ከአንድ ሳምንት በላይ አይሰጥ። ሆኖም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ይዘጋጅ፣ ከዚያ ሽያጩ ይጥበቅ። በአንድ ሌሊት ከተዘጋ የለመደው ሰው ላብ፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ቁርጥማት፣ ትራማዶል ላይ ደግሞ አንዳንዴ ድንጋጤና ቅዠት ይዞት ይመጣል፤ ክሊኒክ ካላገኘ ወደ ጓሮው ሻጭ ይሄዳል፣ እዚያ ያለው ፍሬ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። የካንሰር ሕመምተኛ በዚህ ምክንያት ማስታገሻ አጥቶ ቢያድር ደግሞ በደል ነው። አርቴን በሕጋዊ መንገድ የሚወስድ ታካሚም በድንገት መነፈግ የለበትም፤ አንገቱ ይገታተራል።

ጤና ጣቢያዎች የዓለም ጤና ድርጅትን አሲስት የተባለ፣ የሱስ ነገሮችን አጠቃቀም የሚለይ መጠይቅ ይጀምሩ። ስምንት ጥያቄ ነው። ከአልኮል ውጭ ላሉት ነጥቡ ከ4 እስከ 26 ከሆነ እዚያው ከ3 እስከ 15 ደቂቃ ምክር ይሰጣል፤ 27 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ለአልኮል ምክሩ ከ11 ነጥብ ይጀምራል። መጠይቁን በሚያበላሸው ነገር ላይ ጥንቃቄ ይደረግ፦ በእናት ፊት መጠየቅ፣ በተከፈተ በር መጠየቅ፣ «አትወስድም አይደል?» ብሎ መጠየቅ።

ትምህርት ቤቶችን በተመለከተ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል ቢሮና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያወጡት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የመከላከል ደረጃ ግልጽ ነው። ንግግር ብቻ፣ ማስፈራራት፣ ፖሊስ መምህር አድርጎ ማቆም፣ «እኔ እንዲህ ሆኜ ነበር» የሚል የቀድሞ ተጠቃሚ ማቅረብ ወይ ለውጥ አያመጡም ወይ ይጎዳሉ። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በሚኒ ሚዲያ የሚነበብ አምስት ደቂቃም እንዲሁ። የሚሠራው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ10 እስከ 15 ክፍለ ጊዜ፣ በሠለጠነ መምህር የሚመራ ልምምድ ነው፦ ጓደኛ ሲጋብዝ እንዴት እምቢ ይባላል፣ ብስጭት ሲመጣ ምን ይደረጋል፣ «ሁሉም ይወስዳል» የሚለው እውነት ነው ወይ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል መጀመር ይሻላል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይደገም። የእንክብል ፎቶ ማሳየትና ስም መዘርዘር ለዚህ ዕድሜ አይገባም። በዚህ ደብዳቤም ለመስከር የሚወሰደውን መጠንና ዋጋ ያልጻፍነው ለዚሁ ነው።

የሃይማኖት አባቶችንና ሽማግሌዎችን ያላካተተ ሥራ በወሎ አይጸናም። ጫት በወዳጃና በዱዓ ቤት ከቡናውና ከዕጣኑ ጋር ቦታ አለው። ሁሉንም ቅጠልና ሁሉንም ፍሬ በአንድ ስም ጠርቶ የሚያወግዝ ባለሙያ አዛውንቱን ያስቀይማል፤ ወጣቱም «አያቴስ?» ብሎ ይተወዋል። አባቶችን የምንጠይቃቸው የራሳቸውን ሥርዓት ሰዓትና ልክ ለወጣቱ እንዲነግሩትና እንክብል ከጫት ጋር መቀላቀል አደጋ መሆኑን እንዲያስረዱልን ነው።

ቅሬዎች፣ ማለትም እድሮች፣ ደግሞ ለሌላ ሥራ ይፈለጋሉ። በወርኃዊ ስብሰባቸው ሩብ ሰዓት ይስጡንና የመጀመሪያ ርዳታ እናሳይ። ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ አፉን ማጽዳት፣ ትንፋሹን መቁጠር፤ በደቂቃ ከ12 ካነሰ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያው 907 መደወል፣ አምቡላንስ ከዘገየ በባጃጅ ማምጣት፤ ግን በጀርባ አስተኝቶ አይደለም። ወተት አለማጠጣት፣ በግድ አለማስመለስ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። የሚንቀጠቀጥን ሰው ክብሪት ማሽተት ምንም አይረዳም፤ ቤንዚን ወይም ማስቲሽ የሳበን ልጅ ደግሞ ያቃጥለዋል። ኪሱ ውስጥ የተገኘ ፍሬ ወይም ባዶ እሽግ አይጣል፤ አብሮ ይምጣ። የባጃጅ ማኅበራት ይህንኑ ትምህርት ማግኘት አለባቸው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ያመጣው ጓደኛ የማይታሰር ከሆነ ነው። አደንዛዥ ዕፅን የሚከለክለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 እንዳለ እናውቃለን፤ ሕጉን እንዲጥሱ አንጠይቅም። የሁለቱ ከተሞች ፖሊስ መምሪያዎች በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ጥያቄና ፍተሻ እንዳይደረግ በውስጥ መመሪያ ቢያዝዙ ግን ጓደኛውን ሀረጎ መንገድ ዳር ጥሎ የሚሸሽ አይኖርም።

በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት እንዲፈጸሙ የምንጠይቃቸው እነዚህ ናቸው፦ ሁለቱ መምሪያዎች በጋራ አንድ ተጠሪ ይመድቡ፤ በየድንገተኛ ክፍሉ ናሎክሶን፣ አምቡ ባግና የትራማዶል መመርመሪያ መኖሩ ተቆጥሮ ይጻፍ፤ ቅጹ በአራት ተቋማት ይሞከር። የቅጹን ረቂቅ አዘጋጅተናል፤ ነርሶችን፣ ፋርማሲስቶችንና መምህራንን ያለ አበል ለማሰልጠንም ዝግጁ ነን። ሕገ ወጥ የመድኃኒት ሽያጭ የሚያይ ነዋሪ በ8482 ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መጠቆም እንደሚችል በየመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍልን።

ከሠላምታ ጋር፣
በደሴና በኮምቦልቻ በጤና፣ በፋርማሲና በትምህርት ሙያ የምንሠራ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ ፖሊስ መምሪያዎች
ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ ትምህርት መምሪያዎች
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት
ለየቅሬው ዳኞች